ለሃርድቶፔ የንፋስ ታንክ ፍለጋ

ባለፈው ጥር ከአፍዴራ አልፈን ወደ ኤርታሌ ስንሄድ አሸዋ ያዘን። አራቱንም ጎማ ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አስተነፈስን፣ ትንሽ ቆፈርን፣ መኪናዋም ብዙ ሳታስቸግር ወጣች። ችግሩ የመጣው ከወጣን በኋላ ነው። ከፊታችን ያለው መንገድ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር። በተነፈሰ ጎማ እዚያ ላይ መውጣት የጎማውን ጎን አሳልፎ ለድንጋዩ መስጠት ነው። ከሲጋራ ማቀጣጠያው የሚሰራውን ትንሽ ኮምፕሬሰር አወጣሁ። የመጀመሪያው ጎማ ከሃያ ደቂቃ በላይ ፈጀ። ሁለተኛው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፣ ከዚያ ጸጥ አለ። የአጎቴ ልጅ ነካ አድርጎት ወዲያው እጁን መለሰ። እንደ ምጣድ ግሏል።

ኤርታሌ ቀረ። እየተንፏቀቅን አፍዴራ ከተማ ተመለስንና ጨው የሚጭኑ መኪኖችን የሚያገለግል ጎሚስታ ጋ ደረስን። ሰውየው በዕድሜ የገፉ ናቸው። ከዳሱ ጥግ ኬሻ የለበሰ ረዘም ያለ ጥቁር ታንክ ነበራቸው። ቱቦውን ሰክተው ሁለቱን ጎማ እኔ ውሃ ጠጥቼ ሳልጨርስ ሞሉት።

«ጋሼ፣ ይሄን ታንክ ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ከተገለበጠ ተሳቢ የወረደ ነው ልጄ። ፍሬኑን የሚይዝለት እሱ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለእኔ ይሰራል።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ ታንክ ሆነ። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ፣ በተለይ ደግሞ አደገኛ የሆነ ነገር ገዝቼ ስለነበር፣ ያየሁትን በሙሉ ልጽፈው ወሰንኩ።

በመጀመሪያ ግን ሒሳቡን እንይ፤ ይሄን ሳያሰሉ ታንክ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የእኔ ጎማ 265/70 አር 16 ነው። ውስጡ በግምት 70 ሊትር ቦታ አለው። ከ18 ወደ 35 ለማድረስ የሚጨመረው 17 ፒኤስአይ ነው፣ በሌላው የግፊት መለኪያ ወደ 1.2 ባር። ሰባውን በ1.2 ስታባዙት 84 ይመጣል። አንድ ጎማ ከውጭ ካለው ተራ አየር 84 ሊትር ይፈልጋል፣ አራቱ ደግሞ 336 ሊትር። አሁን ታንኩን ተመልከቱ። እስከ 8 ባር የተሞላ ባለ 30 ሊትር ታንክ ሁሉንም ንፋስ አይሰጣችሁም፤ ጎማው 2.4 ባር (ያው 35 ፒኤስአይ ነው) ሲደርስ ታንኩ ውስጥ የቀረው 2.4 ባር እዚያው ይቀራል። የሚወጣው 5.6 ሲባዛ በ30 ነው፣ 168 ሊትር። ልክ ሁለት ጎማ። ባለ 10 ሊትሩ 56 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ አንድ ጎማም አይሞላም።

ሻርጃ ያለችው እህቴ ለጂፕ ተብለው የሚሸጡትን የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ታንኮች ፎቶ ልካልኝ ነበር። አንድ ጋሎን፣ ሁለት ጋሎን የሚይዙ ናቸው። አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ነው። ጥሩንባ ለመንፋት ወይም የኋላውን ዲፍረንሻል በንፋስ ለሚቆልፍ ሰው ይበቃሉ። ለጎማ ግን አይሆኑም። እሷ እንድትሸከም አላደረግኩም።

ስለዚህ ታንክ ኮምፕሬሰርን አይተካም። ኮምፕሬሰሩ እየሄዳችሁ ቀስ ብሎ የሚያጠራቅመውን ንፋስ አስቀምጦ በአንዴ ይሰጣችኋል፣ ሥራው ይሄ ነው። ይሄ ቀላል ጥቅም እንዳይመስላችሁ። ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፍለጋው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሶማሌ ተራ ነው። አዲስ የሲኖትራክ የንፋስ ታንክ ጠየቅኩ። የተባልኩት ዋጋ 14,000 ብር ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ሻጩን አልወቅስም። ግን አቅሜ አልነበረም። ወደ ያገለገለው ዞርኩ።

ያገለገለ ሲባል ብዙ ዓይነት ነገር ይቀርብላችኋል። አንዱ የፍሪጅ ጋዝ ጠርሙስ ነው። ሰማያዊዋን ታውቋታላችሁ፣ የፍሪጅ ጠጋኞች አር 134 ኤ ጨርሰው የሚጥሏት። በርካሽ ትገኛለች፣ ቀላል ናት፣ ቫልቭም አላት። አንዳንድ ጎሚስታ ይጠቀምባታል። እኔ ግን እባካችሁ ተዉዋት እላለሁ። የተሠራችው አንድ ጊዜ ተሞልታ እንድትጣል ነው። ግድግዳዋ ስስ ነው፣ ውስጧም ቀለም የለውም። የፍሪጅ ጋዝ ደረቅ ስለሆነ አያዝገውም፣ የእኛ ንፋስ ግን እርጥበት አለው። ውሃው ከታች ይጠራቀምና ከውስጥ ይበላታል፣ ከውጭ ደግሞ እንደ አዲስ ሰማያዊ ሆና ትቆያለች። አሜሪካ ውስጥ መልሶ መሙላቷ ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው።

ሁለተኛው የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ነው። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ይሄን አልክድም። ነገር ግን ቀዳዳ ለመጨመር መብሳት ወይም መበየድ ያስፈልጋል። ባዶ የሚመስል ሲሊንደር ውስጥ ደግሞ ጋዝ ይቀራል፣ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው ዝቃጭም ሲሞቅ ይተናል። በያጁ እሳቱን ሲያስጠጋ የሚሆነው ግልጽ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ «ውሃ ሞልተን እንበይደዋለን፣ ምንም አይልም» ብለውኝ ነበር። እሺ አላልኩም። የአንድ ሰው ልጅ ነው ችቦውን የሚይዘው።

ሦስተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይሄ በእውነት ጥሩ ነገር ነው። ጋዙ በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ ትንሽ ቦታ ብዙ ይይዛል። አንድ ኪሎው ወደ 540 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ባለ 5 ኪሎ ሲሊንደር አራቱንም ጎማ ስምንት ጊዜ ያህል ይሞላል ማለት ነው፣ ያለ ባትሪ፣ ያለ ኮምፕሬሰር። ነገር ግን ግፊቱ በተራ የክፍል ሙቀት ወደ 58 ባር ነው፤ ከ31 ዲግሪ በላይ ደግሞ ፈሳሽነቱ ያበቃና ግፊቱ በፍጥነት ይወጣል። አፋር ላይ 31 ዲግሪ የጠዋት ሙቀት ነው። ግፊቱን ቀንሶ የሚያወጣ ጥሩ ሬጉሌተር የግድ ነው። ዝግ መኪና ውስጥ ቢያፈስ ደግሞ ሳይታወቅ ያፍናል። ሲያልቅም እኔ በምሄድባቸው መንገዶች ላይ የሚሞላልኝ ሰው አላየሁም። ለዚህ ስል ተውኩት። ጉዞው አጭር የሆነና አዲስ አበባ ውስጥ የሚያስሞላ ሰው ግን ቢያስብበት አይቆጭም።

የቀረው የከባድ መኪና የፍሬን ታንክ ነው። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። ለንፋስ፣ ለእርጥበት፣ ለመንቀጥቀጥ። ቀዳዳዎቹ ተበስተው፣ ውሃ ማውጫው ከታች ተገጥሞ ነው የሚመጣው። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በሎጊያ እያሉ የሚመላለሱት ሲኖትራኮችና ተሳቢዎች እያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ አላቸው፤ ሲጋጩና ሲገለበጡ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢጨማደድ ታንኩ ብዙ ጊዜ ደህና ይተርፋል። ርካሽ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ታንክ መርካቶ ምናለሽ ተራ አገኘሁት። ጥቁር ቀለሙ ያበራል። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፣ ተግባቢ። 6,000 ብሎ ጀመረ፣ በ3,500 ተስማማን። «ወንድሜ ሙት፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። አመንኩት። ተሸክሜ ጋራዥ ወሰድኩትና ከሚያውቀኝ ሜካኒክ ጋር በውሃ ልንፈትሸው ተስማማን።

የውሃው ፍተሻ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ስለሆነ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ታንክ መፈተሽ ያለበት በንፋስ ሳይሆን በውሃ ነው። ምክንያቱም ንፋስ ሲታመቅ ጉልበት ያጠራቅማል። 20 ሊትር ታንክ 10 ባር ሲሞላ ያጠራቀመው ጉልበት 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቆ ከሚያመጣው ጋር ይቀራረባል። ታንኩ ሲቀደድ ያ ሁሉ በቅጽበት ይወጣል። ውሃ ግን አይታመቅም ማለት ይቻላል፤ ቢቀደድ ጭርር ብሎ ይፈሳል፣ ያበቃል። ስለዚህ ታንኩን አፍ እስከ አፉ ውሃ ትሞሉታላችሁ፣ አንዲት የአየር አረፋ እንዳትቀር እያዘነበላችሁ ታወጣላችሁ፣ ከዚያ በእጅ ፓምፕ ግፊት ትጨምራላችሁ። ፓምፑን የትም መፈለግ አያስፈልግም። የቧንቧ ሠራተኞች የሕንጻ የውሃ መስመር የሚፈትሹበት፣ ሣጥን ላይ የተገጠመ ባለ ጌጅ የእጅ ፓምፕ አለ። እኛ ከሠፈር ቧንቧ ሠራተኛ ለግማሽ ቀን ተዋስነው። ግፊቱን ታንኩ ከሚሠራበት አንድ ተኩል እጥፍ ታደርሱታላችሁ፤ ለ10 ባር ታንክ 15 ባር። ግማሽ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። መርፌው ካልወረደ ታንኩ ደህና ነው።

የእኔ 15 አልደረሰም። 6 ባር ላይ ከጎኑ፣ ያ የሚያበራው ቀለም ላይ፣ እንደ ላብ ያለ ነጠብጣብ ወጣ። ሜካኒኩ በጣቱ ጠረገው፣ ተመልሶ መጣ። አንድ ሁለት ጊዜ ፓምፕ ሲያደርግ ነጠብጣቡ ቀጭን የውሃ ክር ሆነና ሱሪው ላይ ተረጨ። ግፊቱን አወረድንና በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው። ከቀለሙ ስር ስቱኮ አለ። ከስቱኮው ስር ደግሞ የእጅ መዳፍ የሚያክል ላሜራ ተለጥፎ ተበይዷል፣ ጠርዙም ዝጓል። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም። ይሄን መኪናዬ ስር አስሬ፣ ልጆቼን አሳፍሬ፣ 8 ባር ሞልቼ ልሄድ ነበር።

ሻጩ ጋ ተመለስኩ። ገንዘቡን አልመለሰም፤ «ለውሃ ማጠራቀሚያ መስሎኝ ነው» አለ። ትቼው ሄድኩ፣ ግን እስካሁን ያናድደኛል። በሰው ነፍስ ላይ ስቱኮ አይቀባም።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ቃሊቲ በኩል፣ ተሳቢ ፈትቶ የሚሸጥ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቀለሙ ተላልጦ፣ አቧራና ግራሶ ለብሶ፣ ገና ከሻንሲው ላይ ሳይወርድ። በዚህ ነው የወደድኩት። የሚያስፈልገኝን ሁሉ ማየት እችል ነበር። ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ብረት በናፍጣ ጠረግኳት፤ 30 ሊትር፣ 10 ባር፣ ኢኤን 286-2 ትላለች። ያ ቁጥር የከባድ መኪናና የተሳቢ ፍሬን ታንክ የአውሮፓ ደረጃ ነው። ይህች ብረት የሌለችውን ወይም የተፋቀችውን ታንክ አሁን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ከዚያ ታች ያለችውን የውሃ ማውጫ ቀለበት ሳብኳት። ጥቂት ጠብታ ወጣ፣ ጥቁር፣ ዘይት ዘይት የሚል። ሜካኒኩ ፈገግ አለ። ቀይ፣ እንደ ሻይ ያለ ውሃ ቢወጣ ኖሮ ታንኩ ከውስጥ ዝጓል ማለት ነበር። ዘይት ያለበት ግን መኪናው ኮምፕሬሰሩ አርጅቶ ዘይት ሲተፋበት የነበረ ነው፤ ለኮምፕሬሰሩ መጥፎ ነው፣ ለታንኩ ግን ውስጡን ቀብቶ ከዝገት ጠብቆታል። የጎኑን ቡሽ ፈትተን በስልክ መብራት አየነው። ግድግዳው ጥቁርና ለስላሳ ነበር፣ ቅርፊት የለም። ዙሪያውን በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ ሲያደርገው ድምፁ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። በ4,200 ብር ገዛሁት። በውሃ 15 ባር፣ ግማሽ ሰዓት፣ መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ለመግጠም አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። የአውሮፓ ታንክ ቀዳዳ ጥርሱ ኤም 22 በ1.5 ነው፣ በሚሊሜትር የሚለካ። ገበያ ላይ ያለው የኮምፕሬሰር መገጣጠሚያ ሁሉ ግን በኢንች የሚለካ የቧንቧ ጥርስ ነው፣ ሩብ፣ ግማሽ። በግድ ቢያስገቡት ሁለት ዙር ይይዝና ያታልላል። ቶርኖ ቤት ወስጄ ከናስ ሦስት አስማሚ አስቆረጥኩ፤ አንዱ ለኮምፕሬሰሩ መግቢያ፣ አንዱ ለጎማ ቱቦው፣ አንዱ ለሴፍቲ ቫልቭና ለጌጅ። ሴፍቲ ቫልቩ 10 ባር ላይ የሚተነፍስ ነው፣ አዲስ ገዛሁት። እዚህ ላይ ያገለገለ አትግዙ። ኮምፕሬሰሩን 8 ባር ሲደርስ የሚያጠፋ፣ ወደ 6 ሲወርድ የሚያስነሳ ማብሪያ ማጥፊያም አለ፣ የጋራዥ ኮምፕሬሰር ላይ የምታዩት ዓይነት።

ኮምፕሬሰሩን በአጭሩ፦ በሲጋራ ማቀጣጠያ የሚሰራውን እርሱት። የዚያ ሶኬት ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ 15 አምፔር ነው፣ ደህና ኮምፕሬሰር ደግሞ 30ም ከዚያም በላይ ይስባል። በወፍራም ሽቦ፣ በራሱ ፊውዝ፣ ቀጥታ ከባትሪ።

ቦታው ሃርድቶፕ ላይ ጠባብ ነው፣ ምክንያቱም የእኔዋ ሁለት የነዳጅ ታንክ አላት። ከሻንሲው ውስጠኛ ጎን፣ ከጭስ ማውጫው በተቃራኒ በኩል ገባልኝ። በሁለት የብረት ማሰሪያ ነው የታሰረው፣ በማሰሪያውና በታንኩ መሃል ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ አለ። ታንኩ ላይ አንድም ነጥብ አልተበየደም። በያጁ «ሁለት ጆሮ ላድርግለት፣ ይጠነክራል» ብሎኝ ነበር፤ ብየዳ ያንን የተፈተሸ ግድግዳ ያዳክመዋል፣ ፍተሻውም ዋጋ ያጣል።

መንገድ ላይ የጎማውን ንፋስ ስንት ላድርገው ለሚል ደግሞ አንድ ደስ ያለኝ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ አፍዴራ ከባሕር ወለል በታች። ስትወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ የጎማው ጌጅ ከ3 ፒኤስአይ በላይ መቀነስ ነበረበት። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የ15 ዲግሪ ጠዋት ወደ 45 ዲግሪ ስትገቡ ሙቀቱ ያንኑ ያህል ይመልሰዋል። አዲስ አበባ በጠዋት 35 ሞልቼ እዚያ ቀትር ላይ ስለካው 36 አገኘሁ። ስለዚህ መሃል መንገድ ላይ ጎማው ሞቀ ብላችሁ አታስተንፍሱ።

ታንኩ ከተገጠመ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ። ከአሸዋ ከመውጣታችን አስር ደቂቃ በፊት ኮምፕሬሰሩን አበራለሁ፣ ስንቆም ታንኩ ሙሉ ነው። ሁለቱ ጎማ ወዲያው ይነሳል፣ ሁለቱ ኮምፕሬሰሩ እየሰራ ይሞላል። ማታ ማታ የአየር ማጣሪያውን ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ እነፋዋለሁ፣ የአፋር አቧራ ዱቄት ነው።

ግን ታንኩን ያመሰገንኩት ሁለተኛው ጉዞ ላይ ነው። አንድ ፒካፕ መንገድ ዳር ቆሞ አየን። ጎማው እንደተነፈሰ ሹል ኩርባ ሲዞር ከቸርኬው ወጥቶበታል። ሹፌሩ የእጅ ፓምፕ ይዞ እየነፋ ነው፣ ንፋሱ በጎኑ ይወጣል። እንዲህ ያለ ጎማ ቀስ ብሎ የሚገባ ንፋስ አይመልሰውም፤ በአንዴ የሚመጣ ብዙ ንፋስ ይፈልጋል። በክሪክ አነሳነው፣ ጠርዙን በሳሙና ውሃ ቀባነው፣ የጎማውን ቫልቭ ልብ አወጣንና የታንኩን ቱቦ ሰክተን ከፈትነው። ለአንድ ሁለት ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ ጷ! ጷ! ብሎ በሁለቱም በኩል ገባ።

ሹፌሩ መኪናዬ ስር ገብቶ ታንኩን ለረጅም ጊዜ አየው። «ይሄ የተሳቢ አይደለም እንዴ?» አለኝ። የቃሊቲውን ጋራዥ በወረቀት ሥዬ ሰጠሁት፣ ከጎኑም ኤም 22 በ1.5 ብዬ ጻፍኩለት።